በግብር ምሕረት የተሻሙ ሁለት ጎረቤቶች

በአሜሪቃ መካከለኛ ምዕራብ ያለችው ካንሳስ ሲቲ አንዲት ከተማ ብትመስልም የሁለት ክፍላተ መንግሥታት ወሰን በመካከሏ ያልፋል። ስቴት ላይን በተባለው መንገድ አንዱ ዳር ሚዙሪ፤ ሌላው ዳር ካንሳስ ነው። ለእግረኛ ይህን መንገድ መሻገር ቀላል ነገር ነው፤ ለኩባንያ ግን ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝበት ዘመን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም መንግሥታት ሥራ ይዞ ለሚመጣላቸው ኩባንያ ግብር ይምሩ ነበር። በካንሳስ ሕግ ኩባንያው ከሠራተኞቹ ደመወዝ ከሚቈረጠው ግብር እስከ 95 ከመቶ ድረስ ለራሱ እንዲያስቀር ተፈቀደለት፤ ሚዙሪም ይህን የመሰለ ሕግ አወጣች። ሠራተኛው ለመንግሥት ገበርሁ ሲል ገንዘቡ ተመልሶ በአሠሪው ኪስ ይገባል ማለት ነው። በ2011 (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) ኤ ኤም ሲ የተባለው የሲኒማ ኩባንያ ከሚዙሪ ወደ ካንሳስ ለመዛወር ሲወስን፤ በዚያው ዓመት የምግብ ቤቶች ባለቤት የሆነው አፕልቢስ ከካንሳስ ወደ ሚዙሪ ተሻገረ። ሠራተኞቹ ያው የቀድሞዎቹ ሲሆኑ የተለወጠው በየማለዳው የሚሄዱበት አቅጣጫ ነው። ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ይሆን የነበረው ገንዘብ ግን ከሁለቱም ግምጃ ቤቶች ጐደለ። በዚሁ ዓመት 17 የከተማይቱ ታላላቅ የንግድ ሰዎች ሽሚያው ይቅር ብለው ለሁለቱ አገረ ገዥዎች ጻፉ፤ የምሕረቱ ተጠቃሚ ሊሆኑ ይችሉ የነበሩ ሰዎች ይህን መለመናቸው የሚያስገርም ነው።

አንዱ ብቻውን ቢተው ሌላው ኩባንያዎቹን ስለሚወስድበት ማንም ቀድሞ እጁን ሊሰበስብ አልደፈረም። ሚዙሪ በ2014 ያወጣችው ሕግ ይህን ችግር በብልሃት ያየ ነበር፤ ካንሳስ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ ውሳኔ ካደረገች ሕጉ ይጸናል፤ ካላደረገች ይሻራል አለ። ካንሳስ ባለማድረጓ በ2016 ቀረ። በ2019 ግን የሚዙሪው አገረ ገዥ ማይክ ፓርሰን በዚሁ መልክ የተጻፈውን ሁለተኛ ሕግ በሰኔ ፈረሙ፤ የካንሳሷ አገረ ገዥ ላውራ ኬሊም በነሐሴ በትእዛዝ መለሱ። በከተማይቱ ዙሪያ ባሉት አውራጃዎች ውስጥ ወሰን ተሻግሮ ለሚዛወር ነባር ሥራ የመንግሥት ምሕረት ቀረ።

ውሉ መልካም ቢሆንም ጠባብ ነበር። በካንሳስ በኩል የቆመው በአገረ ገዥ ትእዛዝ ነው፤ ይህም ከሕግ የቀለለ ነው። የከተሞችንና የአውራጃዎችን ምሕረትም አላሰረም። ከሁሉ የከፋው ክፍተት ግን የታየው በስፖርት ሜዳ በኩል ነው። በሰኔ 2024 የካንሳስ ምክር ቤት በሚዙሪ በኩል ለሚጫወቱት ለቺፍስና ለሮያልስ ቡድኖች ስታዲዮም ወጪ እስከ 70 ከመቶ የሚደርስ ብድር በመንግሥት ሰነድ እንዲገኝ ፈቀደ። ሚዙሪም በሰኔ 2025 እስከ 50 ከመቶ የሚደርስ ዕርዳታ በሕግ አቀረበች፤ ነገር ግን በታኅሣሥ 2025 ቺፍስ ወደ ካንሳስ እንደሚሻገር አስታወቀ። ካንሳስ በሕጉ ለዚህ ብድር መክፈያ የወሰነችው ጊዜ እስከ 30 ዓመት ድረስ ሲሆን፤ ዕዳው የሚወጣው በዋናነት በስታዲዮሙ አካባቢ ከሚሰበሰበው የሽያጭ ቀረጥ ነው።