የሙዚቃ ስም በዝቷልን?



በዚህ በመንዝ ደጋ ሄቪ ሜታል የሚባለውን የውጭ አገር ሙዚቃ በስልካቸው የሚያዳምጡ ጥቂት ተማሪዎች አሉኝ። በመምህራን ማረፊያ ስለ እነርሱ ጨዋታ ተነሥቶ፣ አንድ ባልደረባዬ «ጩኸቱ አንድ፣ ስሙ መቶ! ይህን ሁሉ ስም ምን አመጣው?» ሲሉ ቀለዱ። ቀልዱ አስቆኛል፤ በፍርዱ ግን አልስማማም።

ብላክ ሳባዝ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ የመጀመሪያ ሸክላውን በ1962 ዓ.ም. ካወጣ ወዲህ ፈጣኑ ትራሽ፣ አዝጋሚው ዱም፣ በጉሮሮ የሚያገሣው ዴዝ እየተባለ ተለይቷል። ለማያውቅ ሰው ሁሉም አንድ ነው። ለማያውቅ ሰውማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይስ መቼ ይለያሉ! ክራር ደርዳሪ ግን «ባቲ» ወይም «አንቺሆዬ» ሲባል እጁ ወዲያው ወደ መቃኛው ይሄዳል። በበኩሌ መመዘኛዬ ይህ ነው፤ ስሙ ሲጠራ የተጫዋቹ እጅ የሚለውጠው ነገር ካለ ስሙ አልበዛም። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ሲሉ፣ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ማዋሐዳቸውን የሚናገር ስም ነበር። ዛሬ ምንም ሳይለውጥ «ኢትዮ» የሚለውን ቃል ከፊት ለጥፎ ገበያ የሚወጣው ግን የነጋዴ ምልክት እንጂ የሙዚቃ ስም አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ የስም ማነስ ነው። በተማሪዎች የኪነት ውድድር ቅጽ ላይ ያሉት መደቦች ሁለት ብቻ ናቸው፤ «ባህላዊ» እና «ዘመናዊ»። ባለፈው ዓመት አንዲት የገጠር ልጅ እንጉርጉሮ አቅርባ፣ ከበሮና ጭብጨባ ካለው የእስክስታ ዘፈን ጋር በአንድ መደብ ተወዳደረች። «ሞቅ አላለም» ተብሎ ነጥብ ተቀነሰባት። ሰው ብቻውን ሆኖ ከሐዘኑ ጋር የሚነጋገርበት ዜማ እንዴት አድርጎ ይሞቃል? ልጅቱ ከዚያ ወዲህ መድረክ አልወጣችም።

ቀረርቶ በተሳበ ዜማ ይወጣል፤ ፉከራ በቃል ይወረወራል፤ ሙሾ ለለቅሶ ነው፤ ሆታ ያለ ማኅበር አይሆንም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ያሉ አዛውንት ይህን ሲለዩ ልጆቻቸው ሁሉንም «የባህል ዘፈን» ይሉታል። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙር በአራት ድምፅ ስማር፣ መምህራችን የየድምፁን ስም ሳናውቅ አፋችንን አያስከፍቱንም ነበር። ያን ጊዜ ያሰለቸን ነበር፤ አራቱን ድምፆች ለይቼ የምሰማው ግን በዚያ ምክንያት ነው።

ቅጹን የሚያዘጋጁት ክፍሎች ለመጪው ውድድር እንጉርጉሮን፣ ቀረርቶንና ፉከራን ለየብቻ ቢጽፉልን ወረቀቱ ቢረዝም ሦስት መስመር ነው። ዳኛ ጠፋ እንዳይባልም መሰንቆ የሚመቱ ሽማግሌዎች በየቀበሌው አሉና፣ የመጓጓዣቸውን ችሎ መጥራት ብቻ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ