ድንበር የሚገፋ ድምፅ

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ሲኪው ወርልድ ዋይድ የተባለው የአማተር ሬዲዮ ውድድር በድምፅ ይካሄዳል፤ በኖቬምበር መጨረሻ ደግሞ በሞርስ። 48 ሰዓት ሙሉ ከየአገሩ ያሉ አማተሮች ይጠራራሉ፣ ያሉበትን የዓለም ክፍል የሚያሳይ የዞን ቁጥራቸውን ይለዋወጣሉ፣ ነጥብ ይይዛሉ። የኢትዮጵያ ዞን 37 ነው። ውድድሩን እወደዋለሁ። የሚያንገበግበኝ በቆሸሸ ሲግናል ቦታ የሚይዘው ተወዳዳሪ ነው።

ቦታው ጠባብ ነው። ለምሳሌ የ20 ሜትር ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ከ14.000 እስከ 14.350 ሜጋኸርዝ ነው፤ ለድምፅ የሚውለው ከዚያም ያነሰ። በወጉ የተስተካከለ ድምፅ 3 ኪሎኸርዝ እንኳ አይሞላም። ማይክሮፎኑን ከልክ በላይ የከፈተ፣ ማጉያውን ከአቅሙ በላይ ያስጨነቀ ሰው ግን ግራና ቀኝ ይረጫል፤ ጎረቤቱ ጋ የሚደርሰው ቃሉ ሳይሆን የተሰባበረ ጩኸት ነው። በሞርስም ሲግናሉ ድንገት በርቶ ድንገት ከጠፋ፣ በእያንዳንዱ ነጥብና ሰረዝ ጫፍ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይፈናጠራል። መነሻውንና መውደቂያውን ወደ 5 ሚሊሰከንድ ማለስለስ ይበቃል፤ በብዙ አዳዲስ ሬዲዮዎች ላይ ደግሞ ይህ ከሜኑ የሚስተካከል ነገር ነው።

ታዲያ ለምን አይስተካከልም? ስለሚጠቅም ነዋ! አጠገቡ ማንም መቆም ስለማይችል ባለቤቱ ሰፊ ቦታ ብቻውን ይይዛል። የእርሻ ድንበር የገፋ ሰው ቢያንስ የተነቀለው ድንጋይ ይመሰክርበታል፤ እዚህ ግን ሰኞ ጠዋት ባንዱ ጭር ይላል፣ የሚቀረው ነጥቡ ነው።

ከሁሉ የሚጎዳው ደካማው ነው። በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ አየር ላይ ሲወጣ ፈላጊው ብዙ ነው። ሆኖም ከኢትዮጵያ የተነሳ ሲግናል ባሕር ተሻግሮ የሚደርሰው ሳስቶ ነው። አድማጩ የያዘው ፍሪኩዌንሲ ላይ አንድ ጉልበተኛ ጣቢያ እየረጨ ከሆነ ጥሪያችን አይሰማም፤ ጥሩ አንቴና ብንተክልም አያድነንም።

ጨዋነቱም ከዚሁ አይለይም። ከመጥራት በፊት ማዳመጥ፣ ፍሪኩዌንሲው ሰው እንዳለበት መጠየቅ፣ ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት የሚታወቀውን 14.300 ሜጋኸርዝ መራቅ። የረጨብንንም ሰው የጥሪ ምልክታችንን ሰጥተን «ሲግናልህ 3 ኪሎኸርዝ አልፎ ይሰማኛል፣ እባክህ ማይክሮፎኑን ቀንስ» እንበለው። ስሙን ደብቆ በላዩ የሚያፏጭ ሰው ራሱ ሌላ ረባሽ ነው።

የውድድሩ ደንብ የተንሰራፋ ሲግናልን ከስፖርታዊ ጨዋነት ውጭ አድርጎ ይቆጥረዋል። ዛሬ ባንዱን ከዳር እስከ ዳር ቀድቶ ማስቀመጥ ስለሚቻል ማስረጃ ጠፋ ማለት አይቻልም። ዳኞቹ ቅጂውን ከፍተው የረጨውን ጣቢያ ውጤት ይሰርዙ፣ የአሸናፊዎቹ ስም ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት።