የገዛነው ቤት ነው ወይስ ዓመታት?



ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድም የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ላከልኝ። ቤቱ ሰሜን ለንደን ውስጥ ያለ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ፣ በአምስት አፓርታማ የተከፈለ ነው። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ወደ ላይ የሚንሸራተቱት የእንጨት መስኮቶች፣ ኮርኒሱ መሃል ያለው የአበባ ቅርጽ፣ የእሳት ማንደጃው ዙሪያ የተለጠፈው ባለቀለም ሸክላ ሁሉ እንደ ጥንቱ ነው። ወንድማችን ቤቱን በደንብ ያውቀዋል፤ ምክንያቱም ከአምስቱ አፓርታማዎች አንዱን ገዝቶ የሚኖረው እዚያው ነው። የጻፈልኝ እንዲህ ብሎ ነው፦ "እኔ የራሴን ገዝቻለሁ። ቤቱን ማንም ቢገዛው ምን ቸገረኝ?"

ከስምንት ዓመት በፊት እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ግን ከረፈደ ነው። ለእሱ በግል የመለስኩለትን ለሁላችሁም ልጻፈው ያልኩት ለዚህ ነው።

ቪክቶሪያ አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላቸው ንግሥት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 ነግሠዋል። በዘመናቸው የተሠሩት እነዚህ ረጃጅም የጡብ ቤቶች የታሰቡት ለአንድ ሀብታም ቤተሰብ ነበር። ምግቡ ምድር ቤት ይበስላል፣ ሠራተኞቹ ጣሪያው ሥር ያድራሉ፣ የድንጋይ ከሰሉ ከእግረኛ መንገዱ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ታች ይገለበጣል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤት ሠራተኛ እየጠፋ፣ ወጪው እየከበደ ሲሄድ ባለቤቶቹ ወደ ከተማው ዳር ወጡ፤ ቤቶቹም በየፎቁ ተከፋፈሉ። መከፋፈሉ ግን ከበር አያልፍም። ጣሪያው አንድ፣ መሠረቱ አንድ፣ የፍሳሽ ቧንቧው አንድ ነው። የአንዱ ወለል የሌላው ኮርኒስ ነው፤ በመሃል ያለው አሮጌ እንጨት ስለሆነ የላይኛው ልጅ ሲሮጥ የታችኛው ይሰማዋል።

ታዲያ እዚህ ውስጥ አፓርታማ የገዛ ሰው የገዛው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን "ቤት" እንላለን። ወረቀቱ የሚለው ግን ሊዝሆልድ ነው። ሊዝ ለእኛ አዲስ ቃል አይደለም። በአገራችን መሬት የመንግሥት ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው 99 ዓመት ነው። በእንግሊዝ ደግሞ መሬቱና ሕንፃው፣ ማለትም ፍሪሆልዱ፣ በአንድ ግለሰብ ወይም በአንድ ኩባንያ እጅ ሊሆን ይችላል፤ አንተ የምትይዘው ብዙውን ጊዜ ከ99 ወይም ከ125 ዓመት የቀረውን ነው። እያንዳንዱ ረመዳን ሲያልፍ ከንብረትህም አንድ ዓመት አብሮ ያልፋል። ከ80 ዓመት በታች ሲወርድ ማራዘሚያው በጣም ይወደዳል፤ ብዙ አበዳሪዎችም ፊታቸውን ያዞራሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሕግ ይህንን ጫና ለማቅለል የተደነገገ ነው፤ ድንጋጌዎቹ ሥራ ላይ የሚውሉት ግን በየተራ ስለሆነ ዛሬ የትኛው እንደሚሠራ ጠበቃ ጠይቁ።

"ጥንታዊነቱ የተጠበቀ" የሚለውም ቃል ዋጋ አለው። እነዚህ ቤቶች ብዙ ጊዜ በ1967 በወጣው ሕግ በተፈጠሩት የጥበቃ ቀጠናዎች ውስጥ ይገኛሉ። የአፓርታማ ነዋሪ የእንጨት መስኮቱን አንስቶ ፕላስቲክ ልግጠም ቢል ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ መነካካት ወንጀል ነው። እኔ ጥበቃውን አልቃወምም። ከመቶ ዓመት በላይ የቆመን ነገር ማክበር መልካም ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ መስኮቱ መቼ ይታደስ፣ በማን ይታደስ፣ በስንት ይታደስ የሚለውን የሚወስነው ማነው? የሚወስነው የፍሪሆልዱ ባለቤት ነው። የሚከፍለው ግን ነዋሪው ነው።

የእኔን ታሪክ ላውራ። በምኖርበት ቤት አምስት አባወራዎች ነን፤ ሁለታችን ሐበሾች ነን። ከስምንት ዓመት በፊት ለእያንዳንዳችን አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ። መተላለፊያው ውስጥ ካለው ማሞቂያ ላይ፣ ከፒዛ ማስታወቂያዎች ጋር ተቀመጠ። እኔ ከፈትኩት፤ እንግሊዝኛው የጠበቃ እንግሊዝኛ ነበር፤ "ማስታወቂያ ነው" ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። የላይኛዋ እህት የእሷን ጭራሽ አልከፈተችውም። ከጎረቤቶቻችን ጋር ሰላምታ እንጂ ወሬ አልነበረንም። ሁለት ወር አለፈ። ቤቱ ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት በመጣ በዓመቱ ሕንፃው በብረት መወጣጫ ታጠረ፤ ቀጥሎም የእድሳቱ ሂሳብ መጣ። ያን ዓመት ለሐጅ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ወደ ጣሪያው ሄደ።

ፖስታው ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ የነገረኝ ከዚያ በኋላ ያማከርኩት ጠበቃ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ ለነዋሪዎች ቅድሚያ የመግዛት መብት ይሰጣል። ባለቤቱ ቤቱን ለሌላ ከመሸጡ በፊት በዚያው ዋጋ ለነዋሪዎቹ ማቅረብ አለበት። ለመወሰን ቢያንስ ሁለት ወር አላቸው። መብቱ ካላቸው ነዋሪዎች ከግማሽ በላዩ መስማማት አለበት፤ ከአምስት ሦስት ማለት ነው። ያለ በቂ ምክንያት ይህንን ሳያደርግ የሚሸጥ ባለቤት ወንጀል ይፈጽማል። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ በተከፋፈለ ቤት ውስጥ ባለቤቱ ራሱ የሚኖር ከሆነ ግዴታው ላይመለከተው ይችላል። በአጭር ጊዜ ውል የሚከራዩ ወገኖቻችንም ይህ መብት የላቸውም። ይህንንም ሳልናገር ባልፍ አታላይ እሆናለሁ።

ሕጉን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ሹፍዓ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልተከፋፈለ የጋራ ንብረት ላይ ሹፍዓን እንደፈረዱ በሶሒሕ ቡኻሪ ተዘግቧል፤ ባለድርሻው ከባዕድ ይቀድማል ማለት ነው። ሐነፊዮች መብቱን እስከ ጎረቤት ያደርሱታል። የእንግሊዙ ሕግ ሹፍዓ ነው እያልኩ አይደለም፤ ዝርዝሩ የዑለማዎች ነው። ግን አብሮ የሚኖር ሰው ከውጭ ከሚመጣው የበለጠ ጉዳዩ ይመለከተዋል የሚለው ሐሳብ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር።

"ገንዘቡ ከየት ይመጣል?" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሁሉም አይችልም። ነገር ግን የሚገዛው አምስት ባዶ አፓርታማ አይደለም፤ ረጅም ሊዝ ያለባቸው አፓርታማዎች ፍሪሆልድ ነው፤ ዋጋውም ይከፋፈላል። ከወለድ ለመሸሽ የሚፈልግ፣ ከባንኩ ጋር በሽርክና ገዝቶ የባንኩን ድርሻ ቀስ በቀስ የሚያወጣበት አሠራር በእንግሊዝ አለ፤ ድርብ የቴምብር ቀረጥ እንዳይከፈልበትም በ2003 ሕግ ወጥቶለታል። ለእንዲህ ያለ የጋራ ግዢ ይሠራ እንደሆነ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያሻል። እቁብም አለን። እቁብ ለሠርግና ለመኪና ከሆነ ለጣሪያችን የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

"አብሮ መግዛት ጭቅጭቅ ያመጣል" የሚልም አለ። ያመጣል። ኢንሹራንሱን ማን ይክፈል፣ ጣሪያው ዘንድሮ ይሠራ ወይስ ለከርሞ በሚል እንጨቃጨቃለን። ግን ከማታውቀው ኩባንያ ጋር በደብዳቤ ከመሟገት፣ ከምታውቀው ጎረቤት ጋር ደረጃ ላይ ቆሞ መጨቃጨቅ ይሻላል።

እኛ አሁን በ1993 በወጣው ሌላ ሕግ፣ ከአፓርታማዎቹ ቢያንስ ግማሾቹ ተባብረው ፍሪሆልዱን እንዲጠይቁ በሚፈቅደው መንገድ ጀምረናል። ገማችና ጠበቃ ቀጥረናል። ያኔ ፖስታውን ከፍተን ተሰባስበን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ወጪና እንግልት ባልመጣ ነበር።

ለወንድማችን ያልኩት ይህንን ነው፦ የቤቱን ፎቶ ተወው። ዛሬ ማታ መተላለፊያው ላይ የተከመረውን ፖስታ አገላብጥ። ደብዳቤው ካለ ቀኑን አይተህ ሁለቱን ወር ቁጠር፤ ከሌለም ለምን እንዳልመጣ ጠበቃ ጠይቅ። ነገ ሳምቡሳ ይዘህ አራቱንም በር አንኳኳ፤ ሙስሊም ይሁን አይሁን፣ ሐበሻ ይሁን አይሁን፣ ጣሪያችሁ አንድ ነው። አምስት መሆን አይጠበቅባችሁም፤ ሦስት ከሆናችሁ ይበቃል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ጉርብትናችንን መልካም ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።