ከተማ ሲያድግ ደን መንደድ የለበትም



ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን ተሻግሮ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ የሐረናን ደን ያቋርጣል። በዛፎቹ ጥላ ሥር የዱር ቡና ይበቅላል። ደኑ ሲመነጠር የሚጠፋው ጥላ ብቻ አይደለም፤ የስንቱ ቤተሰብ የዓመት ገቢም አብሮ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ከተሞቻችን በሰፉ ቁጥር የማገዶና የከሰል ፍላጎታችን እየጨመረ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከኢትዮጵያውያን 14 በመቶ ያህሉ የከተማ ነዋሪ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 16 በመቶ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድገት ለመገንዘብ የሮቤን አዳዲስ ሰፈሮች መመልከት ይበቃል። የገጠር ሰው በአብዛኛው ጭራሮ ለቅሞ ያነዳል። ከተማ ሲገባ ግን ለመጫንና ለማከማቸት የሚቀለውን ከሰል ይገዛል። በባህላዊ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ይነዳል። ስለዚህ መብራት ያላገኘ የከተማ ዕድገት ደን ይበላል።

ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዙሪያዋ ማገዶ ስላጣ፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። የሐረናን ደን ግን ባሕር ዛፍ አይተካውም፤ በባሕር ዛፍ ሥር የዱር ቡና አይበቅልም።

የኃይል ምንጭ አጥተን ነው እንዳንል፣ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው መልካ ዋከና ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአካባቢያችን አለ። 254 ሜጋዋት የሚያመነጨው ገናሌ ዳዋ 3 በ2012 ዓ.ም. ተመርቋል። 5,150 ሜጋዋት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይል ለጎረቤት አገሮች ይሸጣል። ታዲያ ኃይል ከደጃችን እየመነጨ እንጀራ በማገዶ የምንጋግረው ለምንድን ነው?

ችግሩ ያለው ከግድቡ እስከ ምጣዳችን ባለው መንገድ ላይ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ይህ 350 ባለ 10 ዋት አምፖሎችን ያበራል። ለአምፖል ታስቦ የተተከለ ትራንስፎርመር ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ቀን አይችልም። የእህል ወፍጮ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ሲጨመሩበትማ ይባስ ይከብደዋል። መብራት ሲጠፋ ባለወፍጮው ናፍጣ ይገዛል፤ ዋጋውንም ደንበኛው ይከፍላል።

የተከራዩ በደል ደግሞ የባሰ ነው። የመብራት ዋጋ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ይላል፤ ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ነው። አምስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ድምሩ እንደ አንድ ሀብታም ቤት ይቆጠርና፣ እያንዳንዱ ድሃ ከፍ ባለ ዋጋ ይከፍላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር መደረጉ ሸክሙን አክብዶታል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ዜጎች በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መብራት ከዚህ ውጭ ሊሆን አይገባም ብለን እናምናለን። አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ የመመከር መብት፣ አንቀጽ 44 ደግሞ በንጹሕ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥተውናል። መብት በወረቀት ላይ ሲቀር ግን ምግብ አያበስልም።

ስለዚህ ከተመረጥን፦

1ኛ. ለእያንዳንዱ ቤተሰብ፣ ተከራይም ቢሆን፣ የራሱ ቆጣሪ እንዲኖረው፤ እስከዚያው የጋራ ቆጣሪ ሒሳብ በቤተሰብ ቁጥር ተካፍሎ እንዲሰላ እንታገላለን።

2ኛ. የትራንስፎርመር ዕቅድ በምጣድና በወፍጮ ልክ እንዲወጣ፣ ለሕዝብም እንዲገለጽ እናደርጋለን።

3ኛ. ሳይነገር ለሚደርስ ተደጋጋሚ መቋረጥ ደንበኛው ካሣ የሚያገኝበት ሕግ እናቀርባለን።

4ኛ. ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና ከተፈጥሮ ደን ውጭ የሚተከል የማገዶ እንጨት እንዲስፋፋ እንሠራለን።

ከሰልን በአንድ ቀን እናጠፋለን ብለን አንዋሽም። ከሰል ሸጣ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት በማሳደድ ደን አይድንም፤ ደን የሚድነው ምጣዱ በመብራት ሲግል ነው። ሥራችሁን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሒሳቡንም የምትከፍሉት እናንተ። በምርጫው ቀን ወጥታችሁ ድምፃችሁን ስጡ፤ ቆጠራው እስኪያልቅም ድምፃችሁን ጠብቁ።