ግማሹ ራም አይደለም

ስለ ርካሽ ስልኮች የወጣ አንድ ንጽጽር 16 ጊጋ ራምና 50 ሜጋፒክስል ካሜራ ካገኛችሁ ሌላው ቅንጦት ነው ይላል። ገዢን የሚያሳስት ምክር ነው።

«8 ሲደመር 8» ተብሎ ከሚሸጠው 16 ጊጋ ራም ግማሹ ከማከማቻው ተቆርሶ የተወሰደ ቦታ ነው፤ ፍጥነቱ ከራም ጋር አይወዳደርም። ካሜራውስ? ሬድሚ 13ሲም፣ ባለ 4ጂው ጋላክሲ ኤ15ም ዋና ካሜራቸው 50 ሜጋፒክስል ነው። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ምን ያለያያቸዋል? ጸሐፊው ቅንጦት ያሉት ነገር ነዋ! ሬድሚው 6.74 ኢንች በሚሰፋ ስክሪን ላይ 720 በ1600 ፒክስል ብቻ ይዘረጋል፤ ሂሊዮ ጂ85 ፕሮሰሰሩ በ12 ናኖሜትር የተሠራ ነው። ኤ15 ደግሞ በ6 ናኖሜትር የተሠራ ሂሊዮ ጂ99 እና 1080 በ2340 አሞሌድ ስክሪን አለው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ አልክድም።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን ጽሑፉ ስለ ደኅንነት ዝመና ዝም ማለቱ ነው። ሳምሰንግ ለኤ15 የ5 ዓመት የደኅንነት ዝመና ቃል ገብቷል። ደመወዛችንን በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ የምናንቀሳቅስ ሰዎች፣ ዝመናው የተቋረጠበት ስልክ ላይ ገንዘባችንን አደራ እያልን ነው። ሻጩን በመጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ዝመናው እስከ መቼ እንደሚዘልቅ ነው፤ ሜጋፒክስሉ ይቆየን።