«ሐሳቡ ጥሩ ነበር» ለሚሉን

የ1977ቱ ሰፈራ በተነሣ ቁጥር ከተማረው ሰው አፍ የማይጠፋ ፍርድ አለ፦ «ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አፈጻጸሙ ነው የተበላሸው።» እኔ ደግሞ የተበላሸው ሐሳቡ ነው እላለሁ።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1788 ጀምሮ በ80 ዓመት ውስጥ 160 ሺህ ያህል ወንጀለኛ ወደ አውስትራሊያ አጋዘች። ደርግ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ 600 ሺህ ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንሥቶ ወደ ምዕራቡ አገር ወሰደ። የለንደኑ ሌባ ክስ ነበረበት፤ ፍርዱም አብዛኛውን ጊዜ 7 ዓመት ነበር፣ ሲጨርስ ይለቀቃል። የወሎው ገበሬ ጥፋቱ የዝናብ መቅረት ነው፤ የግዞቱን ማብቂያ የነገረው የለም። ወድዶ የሄደ አልነበረም አልልም፤ የራበው ሰው እህል አለ ወደተባለበት ይሄዳል። ግን ለአውራጃ ኮታ ተሰጥቶ፣ እርዳታ ሊቀበል የመጣው እየታፈሰ ሲጫን፣ ባልና ሚስት በየፊናቸው ሲቀሩ ፈቃድ የሚባል ነገር ምን ቦታ አለው? ከአሶሳ የሰፈራ ጣቢያዎች አምልጠው ሱዳን፣ ደማዚን የገቡት ሰዎች ያወሩት ይህንኑ ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የፈረንሳይ ክፍል ግዳጁን አደባባይ ቢያወጣ በ1978 ከአገር ተባረረ።

«ጠፍ መሬት» የተባለውስ? እንግሊዞችም አውስትራሊያን የያዙት ባለቤት የለውም ብለው ነው። ከሰፈራ ቦታዎቹ አንዱ የነበረው የበለስ ሸለቆም ጠፍ አልነበረም። የሸለቆው ነባር ሕዝብ ጉሙዝ አንዱን ማሳ ጥቂት ዓመት ቆፍሮ ዘርቶበት ለረጅም ጊዜ ያሳርፈዋል፤ በጫካው ያድናል፣ ማር ይቆርጣል። ለካድሬው ግን ያረፈ መሬት ሁሉ የማንም አልነበረም። የጣሊያኑ ኩባንያ የሳሊኒ ትራክተሮች መጥተው ደኑን መነጠሩት፤ መንደሮቹም ስም እንኳ ሳይወጣላቸው በቁጥር ቀሩ። ፓዌ ዛሬም መንደር 7፣ መንደር 14 ይባላል።

ከ2003 ወዲህ ደግሞ ተራው የነባሩ ሕዝብ ሆነ። «ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እናቀርብላችኋለን» እየተባለ በመንደር ሲሰባሰብ፣ ሰፊ መሬት ለባለሀብት በኪራይ ይሰጥ ነበር።

በለስና አሶሳ የሚገኙበት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ባለቤት ብሎ ይዘረዝራል። ፓዌ ተወልዶ ፓዌ ልጅ የወለደው የሰፋሪ ልጅ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ አያቱን በግድ ያመጣው መንግሥት ነው፣ «መጤ» የሚባለው ግን እሱ ነው።

አፈጻጸሙን የሚወቅሱ ሰዎች እስቲ ይንገሩን፦ የጉሙዝን ማሳ ሳይነካ 80 ሺህ ያህል ሰው በለስ ላይ የሚያሰፍረው አፈጻጸም የትኛው ነው?