የዱቤ ደብተሩን ማን ያንብበው?



ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዷ ታማ ለሕክምና ሐዋሳ ሄዳ ሦስት ሳምንት ቆየች። ሱቋን ለበኩር ልጇ አደራ ብላ ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው፤ በኬንያ ሞያሌ ነው የሚማረው፤ እንግሊዝኛውም ስዋሂሊውም እንደ ውሃ ይወርድለታል። የእናቱ የዱቤ ደብተር ግን የተጻፈው በአማርኛ ነው። ባለዕዳ ሲመጣ ደብተሩን ይገልጣል፤ ቁጥሩን ያያል፤ ስሙን ማንበብ አይችልም። አንዱ «እኔ እኮ ከፍያለሁ» አለው፤ አመነውና ሰረዘለት። ሌላው አነስ ያለውን የጎረቤቱን ዕዳ የራሱ አስመስሎ ከፍሎ ሄደ። እናትየው ስትመለስ ደብተሩ ከጉድለቱ ጋር ጠበቃት። ልጁን አልተቆጣችውም፤ «ያላስተማርኩትን ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ» ነበር ያለችን።

ወሬውን የሰማን ዕለት ማታ የየራሳችንን ልጆች ጠርተን ደብተራችንን አስነበብናቸው። ከአሥራ አንዱ ሳይንተባተቡ ያነበቡት አራቱ ብቻ ናቸው። አፈርን።

በትምህርት ቤቶቹ አንፈርድም። የኬንያው ትምህርት ቤት ፊደል የማስተማር ግዴታ የለበትም። በእኛም በኩል ከተማችን በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል የተከፈለች ስለሆነች ልጁ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ ይማራል፤ አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት ነው የሚደርሰው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ደብተሩ የእኛ ነው፤ ዕዳው የእኛ ነው፤ ልጁም የእኛ ነው። ክፍያ ከፍለን፣ ዩኒፎርም አልብሰን፣ ማታ አስጠኚ ቀጥረን ስናበቃ የወላጅነት ሥራችን ያለቀ ይመስለናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ አንርሳ። ከወደቁት ልጆች ወላጆች ብዙዎቹ ክፍያቸውን አላቋረጡም ነበር።

አሁን በሳምንት አራት ማታ፣ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ፣ በአንዳችን መጋዘን ልጆቹን ሰብስበን እናስተምራለን። አንድ ሰዓት ናት፤ ከዚያ በላይ እኛም አንችልም፣ እነሱም ያንቀላፋሉ። ፊደሉን ከ«ሀ» አልጀመርንም። ከደንበኞቻችን ስም ነው የጀመርነው፤ የሚያውቁትን ሰው ስም ለማንበብ ልጆች ይሽቀዳደማሉ።

ሒሳቡ ደግሞ ከጆንያው ይመጣል። በኢትዮጵያ በኩል ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ በኬንያ በኩል ጆንያው 90 ኪሎ። ሃያ ኩንታል ቦሎቄ ቢሻገር ስንት ጆንያ ይሆናል? ሃያ ሁለት ጆንያ ሆኖ ሃያ ኪሎ ይተርፋል። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዋ ይህን በትክክል ሠራችና እኛ ያላሰብነውን ጠየቀች፦ «ሃያ ኪሎው የማን ነው?» መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ፤ እኛ ግን ውስጥ ውስጡን ደነገጥን። ስንት ዓመት ሙሉ ትራፊውን ደላላው «ለጫኚ» እያለ ሲወስድ አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም። አሁን እንጠይቃለን። ደላሎቻችን ቅር ብሏቸዋል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ናይሮቢ ያለ አቅራቢ ክፍያ ለጃንዋሪ 5 ሲቀጥረን ጥር 5 አድርገው የሚጽፉ ልጆች አሉን። ጥር 5 ግን አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 13 ነው፤ ስምንት ቀን ያዘገየ ነጋዴ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ዱቤ አያገኝም። በሰዓት አቆጣጠር ግን አንጣላም፤ ስዋሂሊም እንደ እኛ ጠዋቱን ከአንድ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። «ሳ ሞጃ» አንድ ሰዓት ነው። ልጆቹ ይህን ሲያገኙ ምን ያህል እንደተደሰቱ ማየት ነበረባችሁ፤ ሁለቱ ቋንቋዎቻቸው ተስማምተው እንግሊዝኛው ብቻውን ቀረ።

ዲፕሎማችንን ከኮሜርስ የያዝን ሰዎች ዴቢትና ክሬዲትን በሃያ ዓመታችን ነው ከጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማርነው። የነጋዴ ልጅ በአሥር ዓመቱ ይገባዋል፤ የሰጠነውንና የተቀበልነውን በዓይኑ እያየ ነው የሚያድገው። የሚያስፈልገው አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ይህን እዚህ ጻፍ፤ ለምን ይመስልሃል?» የሚለው ሰው ነው። «እኔ አልተማርኩም» የምትሉ እናቶች አላችሁ። ከመካከላችን ፊደል ያልቆጠሩ ሁለት ሴቶች አሉ፤ የብርና የሽልንግ ምንዛሪን በቃላቸው ሲያሰሉ ካልኩሌተር የያዘ ሰው አይደርስባቸውም። የቃል ሒሳብ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው። በዚያው ፊደሉን ከልጆቹ ጎን ተቀምጠው እየለመዱ ነው፤ ይህን እንዳንናገርባቸው ቢያስጠነቅቁንም ተናገርን።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ግን ጥፋት ይሆናል። «ቤት ውስጥ ማስተማር» ሲባል ሴት ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ምሳ ማሠራትና ሱቅ ማስጠበቅ የሚመስላቸው አሉ። ንግድ እየተማረች ነው ይላሉ። እየተማረች አይደለም፤ እየሠራች ነው፣ ያውም ያለ ደመወዝ። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት በሁለቱም አገሮች ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በየቤታችን ያየነው ይህንኑ ነው። ትምህርት ሲከፈት ወንዶቹ ልጆች ተመለሱ፤ ከምናውቃቸው ሴት ልጆች ግን ሱቅ ውስጥ የቀሩ አሉ። ከመካከላቸው አንዷ የእኛው የአንዳችን ልጅ ናት፤ ዛሬም ስለ እሷ ሲነሳ እናቷ አንገቷን ትደፋለች። ስለዚህ በእኛ መጋዘን አንድ ደንብ አለ፦ ቀን ክፍል ያልዋለ ልጅ ማታ አይቀበሉትም። ማታ የመጣችውን ልጅ ደግሞ ማንም ተነስቶ «ሻይ አፍዪ» አይላትም። ሻዩን በተራ የምናፈላው እናቶቹ ነን፤ አባቶችም ሞክረዋል፤ ስኳር ያበዛሉ።

አባቶች አልን እንጂ እስካሁን በደንብ የሚመጡት ሁለት ናቸው። ሌሎቻችሁ ሥራ በዝቶብናል ትላላችሁ፤ ጫቱ የሚቃምበት ሰዓት ግን ከእኛ ክፍል ሰዓት ጋር አንድ ነው።

ደብተሩን ማንበብ ያቃተው ልጅ ዛሬ የእናቱን ዱቤ የሚጽፈው ራሱ ነው። «ጸ»ን ከ«ፀ» አይለይም፤ እኛም አንለይም። ባለፈው ወር «ከፍያለሁ» ብሎ አሰርዞት የነበረው ሰውዬ ሱቁ መጣ። ልጁ የድሮውን ገጽ ገልጦ ስሙን ከነአባቱ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ገንዘቡንም በብርና በሽልንግ ጮክ ብሎ አነበበለት። ሰውየው ግማሹን ከፈለ። ቀሪውን ለፋሲካ ብሏል፤ ልጁም በየትኛው አገር ፋሲካ እንደሆነ ጠይቆ ጽፎታል።